ለርቸር ልግዛ ለምትሉ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ እንግሊዝ አገር በውሻ ስለሚደረገው አደን የጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። አጻጻፉ ይጣፍጣል። ምክሩ ግን ሰው ጉድ ያደርጋል። "ከውድድር የወጣ ግሬይሀውንድ በርካሽ ይገኛል፣ ከሱ የሚፈጥን ውሻ የለም፣ ስለዚህ ለአደን እሱን ውሰዱ" ነው የሚለው፤ ግሬይሀውንድ ማለት ለሩጫ ውድድር የሚያዘው ቀጭኑ ውሻ ነው። ወንድሜ፣ የት ሜዳ ላይ? ምን ልትይዝበት? በማን ፈቃድ? እነዚህ ሳይመለሱ ስለ ፍጥነት ማውራት ቤት ሳይከራዩ መጋረጃ መግዛት ነው።

እኔ የምኖረው ሊንከንሻየር ነው፤ ሥራዬም እርሻ ላይ ነው። አገሩ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፤ ስንዴ፣ ድንች፣ ጎመን። ጥንቸል ደግሞ የበቀለውን ስንዴ ከዳር እየጋጠ ወደ መሀል ይገባል። እዚህ አገር ስመጣ የአደን ውሻ ይኖረኛል ብዬ አላሰብኩም። አሁን ግን ክረምት ሲገባ ገበሬዎቹ ራሳቸው ደውለው ይጠሩኛል።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ለርቸር የሚባለው የአደን ውሻ ራሱን የቻለ ዝርያ አይደለም፣ ቅልቅል ነው። አንዱ ወገኑ በዓይኑ አይቶ የሚያሳድድ ሯጭ ነው፦ ግሬይሀውንድ፣ ዊፔት፣ ሳሉኪ፣ ዲርሀውንድ። ሌላው ወገኑ የሥራ ውሻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በግ የሚጠብቀው ኮሊ ወይም ቴሪየር። ሁለቱም ወገን ሯጭ ከሆነ፣ ለምሳሌ ግሬይሀውንድ ከሳሉኪ ቢወለድ፣ የእዚህ ሰዎች ሎንግዶግ ነው የሚሉት። ይህን የምለው ሻጭ ሁሉንም "ለርቸር" ብሎ ስለሚሸጥላችሁ ነው። እናትና አባቱ ምን እንደሆኑ ካልጠየቃችሁ የምትገዙትን አታውቁም ማለት ነው።

ወደ ፍጥነቱ ልምጣ። ግሬይሀውንድ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ይህ እውነት ነው። ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ በአንድ ዝላይ ውስጥ አራቱም እግሮቹ ሁለት ጊዜ ከመሬት ይለቃሉ፤ አንዴ ተዘርግቶ፣ አንዴ ተሰብስቦ። ቆሞ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል። ጥንቸል ግን እንዲህ ዓይነት ውድድር ውስጥ አትገባም። ከጉድጓዷ ብዙ ርቃ አትግጥም። ኮሽ ሲል ትሮጣለች፣ ትታጠፋለች፣ ትገባለች፣ አለቀ። እዚህ ላይ የሚጠቅመው ከቆመበት ቶሎ መነሳትና ቶሎ መታጠፍ ነው። ትልቁ ግሬይሀውንድ ሙሉ ፍጥነቱን ሲያገኝ ጥንቸሏ ቤቷ ገብታለች፣ እሱ ደግሞ ቁጥቋጦ አጥሩ ውስጥ ገብቷል። እዚያ አጥር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሾህ ሽቦ አለ። የግሬይሀውንድ ቆዳ ስስ ነው፣ ከሥሩም ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ሽቦው ከትከሻው እስከ ጎኑ ሲከፍተው አይቻለሁ። ደሙ ብዙ አይደለም፤ ቆዳው ግን እንደተከፈተ ተንጠልጥሎ ሥጋው ቀይ ሆኖ ይታያል፣ ውሻው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጅራቱን ይቆላል። ከዚያ በኋላ የሐኪም ቤቱን ሒሳብ ስታዩ "በርካሽ ይገኛል" ያለውን ሰው ታስታውሳላችሁ።

ከውድድር የወጣውን ውሻ ለመስደብ አይደለም። ብዙዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመታቸው ውስጥ ነው ሥራ የሚያቆሙት። ያደጉት በኬነል ነው፣ ብዙ ውሻ አንድ ላይ በሚያዝበት ቤት፤ ሲያሳድዱ የኖሩት በሐዲድ የሚጎተት አርቲፊሻል ጥንቸል ነው። የመስተዋት በር አያውቁም፣ ደረጃ አያውቁም፣ በግ አይተው አያውቁም። ስትጠራው መመለስ የሚባለውን ያስተማራቸው የለም። የሚሰጧቸው በጎ አድራጎት ድርጅቶችም አብዛኛውን ጊዜ ለቤት እንጂ ለሥራ አይሰጡም። ሳሎን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ፣ ልጅ የማይነክስ፣ ጸባዩ እንደ ማር የሆነ ውሻ ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ ሂዱና አንዱን ውሰዱ። ለአደን ግን ተዉት።

አሁን ስለ ሕጉ። ጸሐፊው አንድ መስመር እንኳ አልጻፈበትም፣ እኔን ያናደደኝም ይሄ ነው። (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።) እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የ2004ቱ የአደን ሕግ ከየካቲት 2005 ጀምሮ እየሠራ ነው። ቀበሮ፣ አጋዘን፣ ትልቁን የሜዳ ጥንቸል በውሻ ማሳደድ ክልክል ነው። የተፈቀደው ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖረው ትንሹ ጥንቸልና አይጥ ነው፤ እሱም መሬቱ የራስህ ከሆነ ወይም ባለመሬቱ ከፈቀደልህ። ስኮትላንድ የራሷ የ2023 ሕግ አላት፤ እሱ ትንሹን ጥንቸልም ስለሚጨምር እዚያ ያላችሁ ለብቻው አንብቡት።

ትልቁና ትንሹ ጥንቸል በሕግ መለያየታቸው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ትልቁን ለማሳደድ ሌሊት በመኪና የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ በገንዘብ ይወራረዱበታል። የገበሬ አጥር ይጥሳሉ፣ የበቀለ ስንዴ ላይ ይነዳሉ፣ የተናገራቸውን ያስፈራራሉ። በዚህ ምክንያት እኛ አካባቢ ኦፕሬሽን ጋሊልዮ የሚባል የፖሊስ ዘመቻ አለ። በ2022 ደግሞ ቅጣቱ ከበደ፤ የሜዳ ጥንቸል ለማሳደድ አስቦ ሰው መሬት ላይ ውሻ ይዞ መግባት ብቻውን እስከ ስድስት ወር እስራትና ጣራ የሌለው የገንዘብ ቅጣት ያመጣል። ፍርድ ቤት ውሻ እንዳትይዝ ሊከለክልህም ይችላል፣ ፖሊስ ወስዶ ያቆየበትን የውሻውን ቀለብ እንኳ ሊያስከፍልህ ይችላል።

ስለዚህ ፈቃዱን በጽሑፍ አድርጉት። የገበሬው ስም፣ የማሳው ስም፣ ቀኑ፣ ፊርማው። ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ለርቸር ይዞ ማሳ ውስጥ የቆመ ሰው ሲያይ እዚህ መንገደኛው ሁሉ ስልክ ያነሳል፤ መልኩ እንደኔ ሲሆን ደግሞ ትንሽ ፈጠን ብሎ ያነሳል። ወረቀቱ ካለ ነገሩ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፈቃድ ማግኘቱ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ በ1954ቱ የተባይ ሕግ መሠረት በአብዛኛው እንግሊዝ ባለመሬቱ መሬቱ ላይ ያለውን ጥንቸል የመቆጣጠር ግዴታ አለበት። ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ፣ ቀን ቀን፣ ውሻውን መኪና ውስጥ ትታችሁ።

ሕጉን የገባው ሰው የትኛውን ቅልቅል እንደሚመርጥ ግማሹን መልስ አገኘ ማለት ነው። ሳሉኪ የበረሃ ውሻ ነው፤ ዓረቦች ከጭልፊት ጋር አብረው ሲያድኑበት የኖሩ፣ ትንፋሹ የማያልቅ፣ እግሩ ጠንካራ። የሳሉኪ ቅልቅል ረጅም ርቀት በመሮጥ የሚያክለው የለም። ግን ያ ረጅም ሩጫ እዚህ አገር የሚጠቅመው ለዚያው ለተከለከለው ለሜዳ ጥንቸል ነው። ለትንሹ ጥንቸል ምን ያደርግልሃል? ሳሉኪ ደግሞ የራሱ ሐሳብ ያለው ውሻ ነው። ስትጠራው ዞር ብሎ ያይሃል፣ ከዚያ ወደፈለገበት ይሄዳል። ወዳጆቹ "ኩሩ ነው" ይላሉ። እኔ ሦስት ማሳ አቋርጬ የምፈልገው ውሻ አልፈልግም።

የቡል ቴሪየር ቅልቅልም እንደዚሁ ነው። ጉልበት አለው፣ ልብ አለው፣ ግን ያ ጉልበት ለጥንቸል አያስፈልግም፤ ካልተጠነቀቁ ከሌላ ውሻ ጋር ያናክሳል። ዲርሀውንድ ያለበት ደግሞ ትልቅና ጠጉሩ ሻካራ ነው፣ ብርድ ይችላል፣ ሲያድግ ግን ዘገምተኛ ነው። አሜሪካ መሀል አገር ሜዳው ላይ ግሬይሀውንድና ዲርሀውንድ ቀላቅለው ኮዮቴ የሚባል ተኩላ መሰል አውሬ ያሳድዱበታል፤ እዚያ ያላችሁ የየስቴታችሁን ሕግ እዩ፣ የኔ ምክር ለእናንተ አይሆንም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው የምለው። ሰፊ ሜዳ ካለህና ሌሊት ጥንቸሉን በመብራት እየፈለግህ የምትሠራ ከሆነ ሦስት እጁ ግሬይሀውንድ፣ አንድ እጁ ኮሊ የሆነውን ያዝ። ኮሊው ጭንቅላት ይሰጠዋል፣ ጠጉር ይሰጠዋል፣ አፍንጫም ይጨምርለታል፤ ያመለጠውን ጥንቸል አጥር ሥር አሽትቶ ያገኛል፣ የያዘውን ደግሞ ይዞልህ ይመጣል። ግማሽ በግማሽ የሆነው ይበልጥ ብልህ ነው፣ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል። ቦታህ ጠባብ ከሆነ፣ ትናንሽ ማሳ፣ ብዙ አጥር፣ ብዙ ቁጥቋጦ ካለ፣ የቤድሊንግተን ቴሪየርና የዊፔት ቅልቅል ይበቃሃል። ትንሽ ናት፣ ብዙ አትበላም፣ እሾህ አትፈራም፣ ከቆመችበት ስትነሳ ደግሞ ጥይት ናት። ጠጉሯ ብቻ የሚጣበቅ እሾህና ገለባ ሁሉ ይሰበስባል፤ ማታ ማታ ተቀምጦ መልቀም ነው።

የኔዋ ይቺ ሁለተኛዋ ዓይነት ናት። ከሩጫዋ ይበልጥ የምወድላት አንድ ነገር አላት። ጥንቸል ጉድጓድ አፍ ላይ ስንደርስ ወደ ውስጥ ታሸታለች። ባዶ ከሆነ አልፋ ትሄዳለች። ሰው ካለ፣ ማለቴ ጥንቸል ካለ፣ ቀጥ ትላለች። የፊት እግሯን አንዷን ታነሳለች፣ ጆሮዋን ታቆማለች፣ አንገቷን ትንሽ ታዘነብላለች፣ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም። ያኔ ነው እኔ በየቀዳዳው መረብ ዘርግቼ ፌሬት የምለቀው፤ ፌሬት ማለት ሙጭልጭላ የምትመስል ለማዳ እንስሳ ናት፣ ጉድጓድ ገብታ ጥንቸሉን ታስወጣለች። መረቡን የሳተውን ውሻዋ ትይዘዋለች። ይሄ ሥራ ፍጥነት የሚጠይቀው በጣም ጥቂት ነው። ዝም ማለት ነው የሚጠይቀው። የሚጮኽ ወይም አፈር የሚቆፍር ውሻ ካለህ ጥንቸሉ ከውስጥ ንቅንቅ አይልም፣ ቀኑን ሙሉ ቁመህ ትገባለህ።

ቡችላ ስትመርጡ ቡችላውን ብቻ አትዩ፣ እናትና አባቱን እዩ። ከተቻለ ሥራ ላይ እዩ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ከስድስት ወር በታች ያለ ቡችላ በደላላ መሸጥ ክልክል ነው፤ ካሳደገው ሰው እጅ፣ ከእናቱ ጋር አይታችሁ ነው የምትገዙት። የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ እንገናኝ ያላችሁን ሰው እንዳትሰሙት። ማይክሮቺፕም ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ የሌለውን ቡችላ የሚሸጥ ሰው ሌላም የሚደብቀው ነገር አለው።

ትልቅ ውሻ ስትገዙ ደግሞ ከእግሩ ጀምሩ። አንሱትና መዳፉን እዩ። ጣቶቹ ተሰብስበው ወደ ላይ ቆልመም ያሉ ይሁኑ፤ የተበተነና ጠፍጣፋ መዳፍ ጠንካራ መሬት ላይ ብዙ አይቆይም። እያንዳንዷን ጣት ለየብቻ እጠፉ፣ ዘርጉ። ያበጠ መገጣጠሚያ ካለ ወይም ውሻው እግሩን ነጠቅ ካደረገ ጣቱ ተሰብሮ ያውቃል። ውስጠኛውን መዳፍ በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ግሬይሀውንድ ያለበት ውሻ የእግር ኮርን የሚባል ደረቅ ጠጠር ነገር ሊያወጣ ይችላል፣ አስፋልት ላይ ሲሄድ ያነክሳል፣ ሣር ላይ ግን ደህና ነው፤ ሻጩም የሚያሳያችሁ ሣር ላይ ነው። ከዚያ ጥርሱን፣ ከዚያ ትከሻውን። ውበቱን መጨረሻ ላይ እዩት።

"ጊዜ አጥቼ ነው የምሸጠው" የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱን የሚናገርም አለበት። ግን "እሺ፣ በግ ያለበት ማሳ አጠገብ እንሂድና ልየው" በሉት። እዚህ ላይ ፊቱ ከተለዋወጠ ተሰናበቱት። በግ የሚያሳድድ ለርቸር ዋጋ የለውም። በ1953ቱ ሕግ ውሻህ የሰው በግ ካስጨነቀ ጥፋተኛው አንተ ነህ፤ ገበሬው ሌላ መንገድ ካጣ ውሻውን ተኩሶ ቢገድለው ሕግ ሊከላከልለት ይችላል። ስለዚህ ቡችላው ገና በልጅነቱ በማሰሪያ በበግ መሀል ይመላለስ። ዶሮም ይይ፣ ድመትም ይይ። እስኪሰለቸው ድረስ።

አፉም ከልጅነቱ ነው የሚበላሸው። ጨርቅ ይዛችሁ ጉተታ አትጫወቱ። ያመጣውን ነገር ነጥቃችሁ አትቆጡት፤ ሁለተኛ አያመጣላችሁም ወይም ጥርሱን አጥብቆ ጨፍልቆ ያመጣዋል። ሙሉ ሩጫ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው አይሞከርም። አጥንቱ አልጠናም። ስንቱ ጎረምሳ በስምንት ወሩ ለጓደኛ ሊያሳይ ለቆት አንካሳ አድርጎታል።

ስለ ጤና ሁለት ነገር ልጨምር፤ እርሻ ላይ ለምትሠሩ በተለይ። ኮሊ ያለበት ውሻ አንዳንዱ በዘሩ አይቨርሜክቲን አይስማማውም። ይሄ ለበግና ለፈረስ የትል መድኃኒት ሆኖ የሚሰጠው ነው። ውሻው የታከመ ፈረስ ፋንድያ ቢበላ እንኳ ሊታመም ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። በምራቅ የሚደረግ የዘር ምርመራ አለ፣ አስመርምሩት። የቤድሊንግተን ወገን ደግሞ ጉበት ላይ መዳብ የሚያጠራቅም በሽታ አለበት፣ ለእሱም ምርመራ አለ። ሦስተኛ ካስፈለገ፦ ሯጭ ውሻ አንዳንድ ማደንዘዣ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣለትም፤ ሐኪሙ ቤት ስትገቡ "ግሬይሀውንድ አለበት" በሉ። ከሩጫ በፊት አታብሉት፣ በሙቀትም አታስሩጡት።

"ጥንቸል ትበላለህ ወይ?" ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አልበላም። እኛ ቤት ጥንቸል አይበላም፤ ኦሪቱም ከልክሎታል፣ ውሻ የያዘውን ደግሞ ጭራሽ። እናቴ ስልክ ላይ "ታዲያ የማትበላውን ምን ያስሮጥሃል?" ትለኛለች። እኔ የምይዘውን ጎረቤቴ ሽማግሌው ይወስዳል፤ በካሮትና በሽንኩርት ቀቅሎ ይበላዋል፣ በለውጡ ድንች ያመጣልኛል። የቀረውን ለፌሬቶቹ ነው። ገበሬው ስንዴው ተረፈለት፣ እኔ ቅዳሜዬ ጥሩ አለፈ፣ ሽማግሌው እራት አገኘ። ለእማዬ ይሄን ማስረዳት ግን አልተቻለም።

"አገር ቤት ልላክ" የሚሉም አሉ፤ አንድ ሁለቱ ጠይቀውኛል። ተዉት። ኢትዮጵያ ውስጥ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ሕግ የከለከለው ነው። ከዚያም በላይ ደጋው ላይ፣ ባሌም ሆነ ስሜን፣ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ የቀረው ከአምስት መቶ አይበልጥም፣ ዋና ገዳዩ ደግሞ ከሰው ውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ላይ በሽታው በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙ ፈጅቷል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የሚያሳድድ ውሻ እዚያ መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ አስቡት።

ዋጋን በተመለከተ ጸሐፊው የውሻውን ዋጋ ብቻ ነው የቆጠረው። እኔ ደግሞ ክትባት፣ ኢንሹራንስ፣ የስፌት ሒሳብ፣ ቀለብ፣ ነዳጅ ልቁጠር? ወቅቱ ሲያልፍ ደግሞ ውሻው አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ይኖራል። የእንግሊዝ የውሻ መጠለያዎች ውስጥ ብትገቡ ለርቸር ሞልቷል፤ አንድ ክረምት ሮጦ የተጣለ፣ ጆሮው የተቀደደ፣ አሁንም ሰው ሲያይ የሚነሳ። ሳስበው የሚያበግነኝ እሱ ነው። አድኖ የማያውቅ ሰው እንኳ ከእነሱ አንዱን ቢወስድ ጥሩ የቤት ውሻ ያገኛል።

አዘጋጁን የምጠይቀው በሚቀጥለው እትም ቢያንስ የሕጉን ክፍል እንድታወጡት ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አንብቦ በዚህ ሳምንት ግሬይሀውንድ ሊገዛ የተነሳ ልጅ ሊኖር ይችላል። ለጸሐፊው ወንድማችን ግን ቂም የለኝም። ወደ እኛ አካባቢ ከመጣ ገበሬውን አስፈቅጄ ይዤው እወጣለሁ፤ ቡናም አለ። ግሬይሀውንዱንም ይዞ መምጣት ይችላል፣ በማሰሪያ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከሊንከንሻየር፣ እንግሊዝ